ውሃ የመሰለው ቀለም

ባለፈው ሳምንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ልትገባ ከተዘጋጀች አንዲት ነፍሰ ጡር አጠገብ ተቀምጬ የጥፍሯን ቀለም አስለቅቅ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ይህም ከሥራዬ አንዱ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቀለም ውስጥ በደንብ አያነብምና ከቀዶ ሕክምና በፊት ጥፍር ንጹሕ መሆን አለበት። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አገሯ ሩቅ ነው፣ ፈርታለች። በአሴቶን የራሰውን ጥጥ አውራ ጣቷ ላይ ሳሳርፈው ያ አፍንጫ የሚወጋ፣ ወዲያው ደግሞ የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቀዩ ሲለቅ ከሥሩ የወጣው ጥፍር ቢጫ ሆኗል፤ ላዩ ተልጧል።

«ሲሰለቸኝ በምላጭ ነው የምፍቀው» አለችኝ አፈር ብላ።

እጇን እንደያዝኩ እትዬ ብርቱካን ትዝ አለችኝ።

ያደግኩት እዚሁ ዲላ ነው። ቤታችን ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ እንቢ የሚልበት ቁልቁለት ላይ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ እንሰት አለ፤ ክረምት ላይ ጠብታው በሰፊው ቅጠል ላይ ሲወርድ ከቆርቆሮው ጩኸት የተለየ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማል። አባቴ ዱመርሶ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማው ላይ የእሸት ቡና ገለፈት ተለጥፎበት ይመጣል፤ እኔም ሽታውን ከበሩ ሳይገባ አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ታሞ ተኛ። መስቀልን አብሮን አልዋለም።

እኔ ጥፍሬን መብላት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መጀመሪያ ጫፉን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ በኋላ ደም እስኪወጣ። እናቴ አስተማሪ ናት፤ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ ሥርዓት ትወዳለች፣ ሐዘኗንም በሥርዓት ነበር የያዘችው። ጥቁር ቀሚሷን በየሳምንቱ አጥባ፣ ተኩሳ ትለብሳለች። እኔን በምክር ሞከረችኝ፣ በቁጣ ሞከረችኝ፣ በመጨረሻ ጣቶቼ ጫፍ ላይ እሬት ቀባችኝ። መራራነቱን ለመድኩት።

እትዬ ብርቱካን የግቢያችን ተከራይ ነበረች፤ በአጥሩ ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ልጅ ናት። ሐዋሳ ፀጉር ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ ቅርብ ልሁን ብላ ነው ወደ ዲላ የተመለሰችው። በቡና ወቅት መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ በእጇ ትለቅማለች። አቧራውና ፍሬው የለቃሚዎቹን ጥፍር ይሰባብረዋል፤ የእሷ ግን ሁልጊዜ ሙሉ፣ የሚያብረቀርቅና የተስተካከለ ነበር። በዚህም ታማች። ባል የሌላት ሴት ለማን ብላ ነው ጥፍሯን የምትቀባው ይባላል። በግቢያችን በር የምታልፍ ጎረቤት ሁሉ ለእናቴ አንድ ነገር ሹክ ብላት ትሄዳለች። እናቴ ሐሜት አትወድም፤ ሆኖም «ከዚያች ቤት አትግቢ» አለችኝ።

የእትዬ ብርቱካን አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። ጌዴኦኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው፤ እኔን፣ ሜሪን፣ «አንተ» ስትል እናቴ የአማርኛ መምህርነቷ እየገፋፋት ታርማታለች። እሷ ትስቅና ደግማ «አንተ» ትለኛለች።

አንድ ቀን እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ሳለች ቧንቧው ጋ ዕቃ ሳለቀልቅ እትዬ ብርቱካን የመሀል ጣቴን አየችው። አብጦ መግል ይዞ ነበር። ነጠላዋን አደረገች፣ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጣቴ ተበጥቶ፣ ታጥቦ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ ስንመለስ እናቴ «ልጅሽ ጤና ጣቢያ ተወሰደች» ብለዋት በጠመኔ የነጣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ቁልቁለቱን በሩጫ ስትወርድ አገኘናት።

«ሳትነግሪኝ ልጄን የት ወስደሽ ነው?»

«ቲቸር፣ ጣቱ ሊጠፋ ነው ብዬ ነው» አለች እትዬ ብርቱካን።

እናቴ ፋሻውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ያልገባኝ አሁን ይገባኛል። ባሏን ከቀበረች ገና ወራት ናቸው፤ «ጤና ጣቢያ» የሚለው ቃል ብቻ የአባቴን ሞት ይመልስባት ነበር።

ቁስሉ ሲሽር እትዬ ብርቱካን ወደ ቤታችን መጣች። በእጇ ትንሽ ጠርሙስ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ልቀባለት። ጥፍር ላይ ነገር ሲኖር አፍ ይረሳዋል።»

«ብርቱካን፣ እኔ ጥቁር ለብሼ ልጄን ጥፍር ቀለም ላስቀባ? ሰው ምን ይለኛል?»

እትዬ ብርቱካን ክዳኑን ፈታች፤ የራሷን የትንሽ ጣት ጥፍር ቀባችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «እይ። ውሃ ነው የሚመስል። ሰው አያየውም። ሜሪ ግን ያውቃል።»

እናቴ ጥፍሩን ቀረብ ብላ አየችው። «‘ታውቃለች’ ነው የሚባለው» አለች። እትዬ ብርቱካን እርማቱን እንደ ፈቃድ ቆጠረችውና እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ።

ያቺ ክፍል ዛሬም በዓይኔ ላይ ናት። ዕቃዎቿ የሚቀመጡት ሥዕሉ በፈዘዘ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቀይ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጥጥ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የጥፍር ሞረድ። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ሽታው ራስ እንዳያዞር። ከዚያ እጄን በሳሙና አጥባ በፎጣ ጣት በጣት ታደርቃለች። አትቸኩልም።

«ጥፍር ላይ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም» ትለኛለች ማስለቀቂያ የነካ ጥጥ በስሱ እያሳለፈችብኝ። ሞረዱን ወዲህና ወዲያ አትገዘግዝም፤ ከዳር ወደ መሀል፣ በአንድ በኩል ብቻ ትስበዋለች፤ አለዚያ ጫፉ ይሰነጠቃል። በጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ አትቆርጠውም። በሞቀ ውሃ አለስልሳ ገፋ ታደርገዋለች። «ይሄ በር ነው። በር ከተቆረጠ በሽታ ይገባል።»

ብሩሹን በጠርሙሱ አፍ ጠረግ አድርጋ፣ መሀሉን አንድ ጊዜ፣ ግራና ቀኙን አንድ አንድ ጊዜ ትስባለች። ቆዳውን አታስነካም፤ ከነካ ከዚያ ጀምሮ ይላጣል። የጥፍሩን ጫፍ ደግሞ ከፊት በኩል ትዘጋዋለች፤ የሚያልቀው ከዚያ ነውና። እኔ አንዴ ወፍራም አድርጋ እንድትገላገለኝ ስለምናት «ወፍራም ቶሎ ይረግፋል። ስስ፣ ይደርቅ፤ ደግሞ ስስ» ትላለች። ቀለም ለሚፈልጉ ልጆችም መጀመሪያ ይኸንኑ ውሃ የመሰለውን ነው ከሥር የምትቀባው፤ ቀዩ ወደ ጥፍሩ እንዳይሰርግ። ሲያረጅ በምላጭ መፋቅ ክልክል ነው። የራሰ ጥጥ ጥፍሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጠረግ። ታጥቦ ቅባት ይቀባል፣ ጥቂት ቀን ያርፋል።

የእኔ ጥፍር ግን ምን የሚቀባ ነገር ነበረው? ቅንድብ የምታህል ስስ ጭረት ብቻ። እሷ ያችኑ ጭረት እንደ ሙሽራ ጥፍር ተጠብባ ቀባችልኝ።

«አሁን ይሄ የኔ ሥራ ነው» አለች። «ስትበላ የኔን ሥራ ነው የምትበላው።»

ወዲያው አልተውኩም። ቀስ በቀስ ግን ጣቴ ወደ አፌ ሲሄድ ጥርሴ ላይ የሚንሸራተት ነገር አገኝ ጀመር፤ ያን ጊዜ ቆም እላለሁ። ነጭ ጫፍ ወጣልኝ። የአባቴ ሙት ዓመት ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ፣ ጓዳ ገብቼ ያደገውን በሙሉ በላሁት። በማግሥቱ እጄን ከኋላዬ ደብቄ በሯ ላይ ቆምኩ። አየችኝ። አልተቆጣችም። «ይበቅላል» አለችና ውሃ ልታሞቅ ተነሣች።

ሌላ ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባርቶ እንሰቱ ገና ሲንጠባጠብ፣ እናቴ ለምሳ ልትጠራኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ ብርቱካን በርጩማ በእግሯ ገፋችላት።

«ቁጭ በል ቲቸር።»

«የኔንማ ጠመኔ ጨርሶታል» አለች እናቴ፤ ግን ተቀመጠች። ጥፍሯ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ነበር። እትዬ ብርቱካን የእናቴን እጅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ አወጣች፣ ጉልበቷ ላይ ባነጠፈችው ፎጣ ላይ አሳረፈች። ቅባት ቀብታ እያንዳንዱን ጣት ከሥር እስከ ጫፍ አሸች። እናቴ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

«ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ ትከሻዬን ነው መታ መታ የሚያደርገኝ» አለች ዞር ሳትል። «እጄን የያዘኝ የለም።»

 እትዬ ብርቱካን ቅባቱን ጠረገች፣ ውሃ የመሰለውን ቀለም ቀባችላት፤ ቀብታ ስትጨርስም አልለቀቀቻትም። «አትንቀሳቀስ፣ ሳይደርቅ ይበላሻል» ብላ ሁለቱን እጆቿን ይዛ ተቀመጠች። ምሳው ቀዘቀዘ። ማናችንም አላነሣነውም።

ከዚያ በኋላ ስለ ብርቱካን ክፉ ሊያወራ የሚመጣ ሰው እናቴ ዘንድ ወሬውን አይጨርስም ነበር።

እትዬ ብርቱካን እናቷ አልጋ ሲይዙ ጪጩ ገባች፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች። ነርስነት ስማር ዲላ ገበያ ላይ ቆጮ ይዛ አገኘኋት። ከሰላምታ በፊት ጣቶቼን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ደስ አላት። የእሷ ጥፍር ባዶ ነበር። «እንሰት እየፋቁ ቀለም አይሆንም፤ ምግብ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። ጥፍሮቿ ግን እንደ ድሮው ሙሉ ነበሩ። አምና አረፈች። እናቴ በምርኩዝ ጪጩ ድረስ ሄዳ አለቀሰችላት።

እናቴ በሥራ ዘመኗ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ የተማሪ ጥፍር የምታይ መምህር ነበረች። ጥፍሩ ያደገና የቆሸሸ ልጅ ጣቶቹን ገጥሞ ይዘረጋል፤ በማስመሪያ ትመታዋለች። እትዬ ብርቱካን እጇን ከያዘችላት በኋላ ማስመሪያው ቀረ። ቦርሳዋ ውስጥ ጥፍር መቁረጫ መያዝ ጀመረች፤ በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ በራፍ ተቀምጣ ልጆቹን እየጠራች፣ እጃቸውን ይዛ ትቆርጥላቸዋለች። ለምን እንደተወች ለማንም አላስረዳችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በቀደም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ ደጋግሞ አያት።

«ቲቸር፣ አላወቁኝም? እናቴ የሞተችበት ዓመት እርሶ ክፍል ነበርኩ። ጥፍሬን ይቆርጡልኝ ነበር።»

እናቴ ልታስታውሰው ሞከረች፤ ስሙም መልኩም አልመጣላትም።

«እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለችው።

ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።