የሰሌዳው አሥር ደቂቃ

እሜቴ ሰዓት እንላታለን፤ እውነተኛ ስሟን ከእናቷ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በዓለም ሰሜናዊ ጫፍ ባለችው፣ ክረምት ቀኑ ቶሎ በሚጨልምባት ከተማችን የአውሮፕላን ማረፊያ እሷ ሬዲዮውንና ሰሌዳውን ትይዛለች፣ እኔ ነዳጅ እቀዳለሁ። ከእኛ እስከ ሌላዋ የሰሜን ከተማ በአየር ሁለት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና፣ በረዶው መንገዱን ካልዘጋው፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ስልሳ ደቂቃ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግን ሰባ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ክረምት ነፋስ አውሮፕላኑን ሰባት ደቂቃ ቢያዘገየው፣ ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው በስጋት እሜቴ ሰዓት ፊት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ በረራ አሥር ደቂቃ ትጨምራለች። ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ በዚያችኛዋ ከተማ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ እዚያው ነበር፤ ፓይለቱ ግን ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው፤ ወደ እኛ በርሮ ስለማያውቅ የሚያውቀው እሷ ከሰሌዳው ገልብጣ የላከችለትን ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል» አለ ፓይለቱ በሬዲዮ። «በእርስዎ ሰንጠረዥ ሰባ ደቂቃ ነው። ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ላይ ይጨልማል፤ ሜዳችሁ ደግሞ መብራት የለውም። ነገ ሲነጋ እነሳለሁ።»

«እስከ ነገ አትቆይም!» አለች እሜቴ ሰዓት። «ስልሳ ነው፣ ወንድሜ። አሥሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«እህትዎ ስለሆነች ቀንሰውት ቢሆንስ?» አለ ፓይለቱ። «የምጭነው እኮ እሷን ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑም ነርሷም አሉ።»

አልፈረድኩበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን እስኪያድር የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም።

ጥግ ተቀምጠው የነበሩት እናቷ ተነስተው ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጠቁ።

«ልጄ፣ እናታቸው ነኝ። የዚች ልጅ አውሮፕላን ሁልጊዜ ከተባለው አሥር ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። የከተማው ሰው ዘመዱን ሊቀበል ሲወጣ አሥር ቀንሶ ነው። ካላመንከኝ ነዳጅ ቀጂውን ጠይቀው!»

«እውነት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እሜቴ ሰዓት ዞራ አፈጠጠችብኝ። ለካ የአደባባይ ምስጢር መሆኑን ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች።

«እሺ፣ በሁለት ደቂቃ እነሳለሁ» አለ ፓይለቱ።

ሰሌዳውን ጠርጋ ስልሳ ብላ ጻፈች። እማማ ይህን ሁሉ ራሳቸው ተናግረው፣ እግራቸው ግን በልማዱ ከስልሳውም አሥር ቀንሶ በሃምሳኛው ደቂቃ በረዶው ላይ አቆማቸው። ተከትለን ወጣን። ሰማዩ እየጠቆረ ነው። ሃምሳ አምስት ሆነ፤ ምንም የለም። ስልሳ ሞላ። አሁንም የለም።

«ምነው ዘገየ?» አሉ እማማ።

«ዛሬ የጻፍኩት እውነቱን ነው፣ እማዬ።»

«ምነው ዛሬም ብትዋሺኝ!»

የእናቷን እጅ ያዘች። እኔም «እውነት ነው» ብዬ መጮኼን እያሰብኩ ሰማዩን አሰስኩ።

በስልሳ ሁለተኛው ደቂቃ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ጎማው መሬት ሲነካ ከጨለማው የተነሳ ሜዳውን መለየት አቅቶኝ ነበር። እህቷን በቃሬዛ ሲያወርዷት ከንፈሯ ወረቀት መስሏል፤ ዓይኗ ግን ተከፍቶ እናቷን ፈለገ። ነርሷ ሕፃኑን ታቅፋ ተከተለች።

አሁን ለፓይለቱ የምትሰጠው ወረቀት ስልሳ ይላል። ሰሌዳው ላይ ወደ ሰባ ተመልሷል፤ እናቷ ናቸው ያስጻፏት። እኛም እንደ ድሮው አሥሩን ቀንሰን እንወጣለን። እህቷ ልጇን ይዛ ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት ግን እማማ በአርባኛው ደቂቃ ሜዳው ላይ ነበሩ።