አምስቱ ጨርቆች

ዝናብ የደበደበው ጨርቅ ሲሸተኝ ዛሬም ቀና ብዬ ማዶ ማዶውን አያለሁ። ትናንት የልጅ ልጄ "እማማ፣ አሥር ቁጥር እያለ ኮምፒውተር ለምን በዜሮና በአንድ ብቻ ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ከገመድ ላይ ያወረድኩትን እርጥብ ልብስ ታቅፌ ነበር። መልሱን የተማርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከመስማቴ በፊት ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ዳር።

የእናቴ ምጥ ሲጠና ጎረቤቶች በቃሬዛ ወንዝ አሻግረው፣ ማዶ ኮረብታው ላይ ወዳለው ክሊኒክ ወሰዷት። አክስቴ አብራት ሄደች። ክረምት ስለነበር የእንጨቱ ድልድይ አይታመንም። ከእኔ ጋር የቀረው አባቴ፣ ከመነሳታቸው በፊት አክስቴን "በሰላም ከተገላገለች ነጭ ጨርቅ ስቀይልን፤ እስከዚያ ምንም እንዳትሰቅይ" አላት።

እኔ ደግሞ በሒሳብ የክፍሌ አንደኛ ነበርኩና ይህ አነሰኝ። "አባባ፣ ይኼ ምኑን ይነግረናል?" ብዬ አምስት ጨርቅ ቀደድኩ። ነጭ ወንድ፣ ቢጫ ሴት፣ ሰማያዊ ገና ናት፣ ቀይ ታማለች። ጥቁሩን ስሰጣት ትርጉሙን አልተናገርኩም፤ አክስቴም አልጠየቀችኝም። አባቴ በትምህርቴ ይኮራ ስለነበር እንዳልኩት ይሁን አለ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙም ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። አሥር ሰዓት ገደማ ማዶ አንድ ጨርቅ ተሰቀለ። ርሷል፣ ጉምም ሸፍኖታል። ሱቁን ትቶ የመጣው ጉራጌ ጎረቤታችን "ሰማያዊ ይመስለኛል" አለ። አጠገቡ የቆመችው ሴትዮ "ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ፣ ጥቁር ነው እንጂ" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የቱ ነው?"

"አላውቅም" አልኩት።

አባቴ ልሻገር ብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጎረቤቶች በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ውሃው ያመጣው ግንድ ጉልበቱን ሰብሮት ነበር። ሁላችንም እሱን ከበን ስንጨነቅ ማዶ ቢጫ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ይህንንም፣ የመጀመሪያው ሰማያዊ እንደነበረም ያወቅነው በማግስቱ አክስቴ በላይኛው መሻገሪያ ዞራ ስትመጣ ነው።

ለልጅ ልጄ ግን ከዚህ ሁሉ የነገርኩት ይህችን ብቻ ነው፦ ኤሌክትሪክም መንገድ ላይ ይደክማል፣ ይረበሻል። አሥር ደረጃ ብታበጅለት ስድስተኛውን ከሰባተኛው መለየት ጭንቅ ነው። "አለ" እና "የለም"፣ ማለትም አንድና ዜሮ፣ ግን በጉም ውስጥም ይለያሉ። "እሺ" ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ አነከሰ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የተወለደችው እህቴ መራመድ ስትጀምር፣ እሱን እያየች አንድ እግሯን እየጎተተች ትከተለው ነበር። ጎረቤቱ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። እኔ ጓዳ እገባ ነበር።