በሸማኔ ጉድጓድ የተለማመድኩት በረራ

ልጄ ኮምፒዩተሯ ላይ የውጊያ አውሮፕላን ታበራለች። ጠላት የላት፣ አጃቢ የላት፤ ብቻዋን ሰማዩ ላይ ትገለባበጣለች። ትናንት ከኋላዋ ተቀምጬ ሳይ መሬቱ ወደ ላይ፣ ሰማዩ ወደ ታች ሆነና መሽከርከር ጀመረ። ያኔ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ነጠላ ጫማዬ ውስጥ፣ ሳላዘው፣ ወደ ታች ተጫነ። ቀጥሎ ግራው። ቀጥሎ ደግሞ ቀኙ። ስድሳ ዓመት አልፎኝም እግሬ ይሸምናል።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ደክሞኛል አልኳት። አልዋሸሁም፤ ይህን ነገር ባነሳሁት ቁጥር ይደክመኛል። ላንተ ግን ልንገርህ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ እጩ አብራሪ ነበርኩ። ማሰልጠኛው ውስጥ አንድ ክንፍ የሌለው፣ መሬት ላይ የተተከለ የአውሮፕላን አምሳያ ነበር። ስሙ ሲሙሌተር ነው፤ እኛ «ሣጥኑ» እንለው ነበር። ብቻህን ትገባለህ፣ ክዳኑ ይዘጋብሃል፣ የጋለ ላስቲክና የሌላ ሰው ላብ ይሸትሃል። አስተማሪው ውጭ ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ ያዝዝሃል። በጎን መንከባለሉንም፣ ሙሉ ክብ መገልበጡንም አውቅበት ነበር። ያቃተኝ ሽክርክሪቱ ነው። አውሮፕላኑ እንደ እንዝርት እየሾረ ሲወድቅ፣ ከሚዞርበት በተቃራኒ ያለውን መርገጫ ረግጠህ ትይዛለህ፤ ከዚያ በእጅህ መሪውን ወደ ፊት ትገፋለህ። እጅህ ሲሄድ እግርህ እንዳለ መቆየት አለበት። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

«እግርህን ያዝ! መዞሩ ሳይቆም አትቀይር!» ብሎ ጮኸብኝ አስተማሪው። ለዐረፋ አስራ አምስት ቀን ፈቃድ ሲፈርምልኝም ቀና ሳይል፣ «ስትመለስ አንድ ዕድል አለህ። ከወደቅህ ከአብራሪነት ትሰናበታለህ» አለኝ።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። ከመስኮቱ ስር በተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ታች ሁለት መርገጫዎች በገመድ ተያይዘዋል፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያው ተቀምጬ ሸምኛለሁ። በፈቃዴ በሁለተኛው ቀን ጉድጓዱን ሳየው ሣጥኑ ትዝ አለኝ። ሁለቱ መርገጫዎች ልክ እንደ አውሮፕላኑ ናቸው። የቀረኝ መሪ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ጋራዥ የሚሠራውን አጎቴን ለምኜ፣ የአሮጌ ጭነት መኪና ማርሽ ዘንግ ይዤ ተመለስኩ።

አባቴ የጀመረውን የጋቢ ድር ጠቅልሎ ወደ ጎን አደረገልኝ።

«ሥራ አስፈታሁዎት፣ አባየ።»

«አብሽር! ጋቢ የትም አይሄድ። የምትሄደው አንተ ነህ» አለኝ፤ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክር ማጠንጠን ጀመረ።

አስራ ሦስት ቀን ሙሉ በረርኩ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይዋኛል፤ ከታች የጉድጓዱ እርጥብ አፈር ይሸታል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማርሹን ዘንግ በጉልበቶቼ መሃል ይዤ፣ «ወደ ግራ ይዞራል! ቀኝ እግር! መሪ ወደ ፊት!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋ «ምነው፣ ልጁን ምን ነካው?» ስትል አባቴ ሳይስቅ «እየበረረ ነው» አላት። ኮምቦልቻ የሚያርፍ አውሮፕላን ድምፅ ከሰማ ክሩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። «ይቺ ያንተ ናት?» ይለኛል። የዕቃ መጫኛ ናት ስለው፣ «እሷም ብትሆን ማሻአላህ ነው» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። መስጊድ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ይጠይቀዋል፤ ልጁ ሊበር መሆኑን ያልነገረው ሰው አልነበረም።

ወደ ማታ ላይ ሁልጊዜ ጥያቄው አንድ ነው። «ዛሬ ስንቴ ተገለበጥክ?»

«አርባ ጊዜ፣ አባየ።»

«ወደቅክ?»

«አልወደቅኩም።»

«አልሐምዱ ሊላህ።»

አንድ ቀን የአስተማሪዬን ትእዛዝ ነገርኩት። እጅ ሲሄድ እግር አይቀየርም አልኩት። ሳቁን ለቀቀው። «ወላሂ እኔ እንዲህ ብሠራ ጋቢው በምን ያልቃል? እጅ መወርወሪያውን ሲወረውር እግር ይቀይራል፤ የኛ ደንብ ይሄው ነው!» አብሬው ሳቅሁ። የተናገረውን ነገር እሱም እኔም ልብ አላልነውም።

ተመልሼ ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ። ክዳኑ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ መሾር ጀመረ፤ ቀኝ እግሬን ረገጥኩ፣ ልክ ነበርኩ። መሪውን ወደ ፊት ገፋሁ። እጄ ሲሄድ ግን እግሬ ቀየረ፤ መወርወሪያ የወረወርኩ ያህል፣ ግራው ወረደ፣ ቀኙ ወጣ። መልሼ ልይዘው ስል እጄ ተንቀሳቀሰ፤ እንደገና ቀየረ። አስራ ሦስት ቀን ያንን እግር ያሠለጠንኩት ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ በሚያውቅበት ቦታ ነበር። የመከስከስ ምልክት የሆነው ቀዩ መብራት በራ። አስተማሪው ክዳኑን ከፍቶ፣ በዚህኛው ጊዜ ሳይጮህ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ። እየሸመንኩ ነው አይባል።

መለዋወጫ መጋዘን ተመደብኩ። ማሰልጠኛው ውስጥ አጠገቤ ይተኛ የነበረው እጩ ግን አለፈ። በዓመቱ ወደ ሰሜን በረረና ሳይመለስ ቀረ፤ ልብሱን አጣጥፌ ለቤተሰቡ የላክሁት እኔ ነኝ።

ከመውደቄ በኋላ መጀመሪያ ደሴ ስገባ አባቴ ነጭ በነጭ ለብሶ መናኸሪያ ጠበቀኝ። የምዋሸውን አውቶቡስ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር። «ዓይኔ ነው፣ አባየ። ሐኪሙ ሩቅ አያይም ብሎ መለሰኝ» አልኩት። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ቤት ስንደርስ ሊመሽ ነበር፤ ጉድጓዱ ላይ አዲስ ነጭ ድር ተወጥሯል። እኔ ደግሞ ገና በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳላስበው፣ «አባየ፣ እዚያ መሃል ላይ አንድ ክር ተበጥሷል» አልኩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየዳበሰ ክሩን እስኪያገኘው ብዙ ቆየ። ከዚያ ዞረና ተመለከተኝ። ያየው ፊቴን አልነበረም፤ እግሮቼን ነበር።

በሚቀጥለው ፈቃዴ ስመጣ ጉድጓዱ የለም። በአፈር ተሞልቶ፣ ላዩ በእበት ተለቅልቆ ምንጣፍ ተነጥፎበታል።

«ጉልበቴ ነው» አለኝ አባቴ። «ጉድጓድ መውረድ እምቢ አለኝ።»

ከመናኸሪያ ጀምሮ ያን ሁሉ ዳገት ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊቴ ከፊቴ የወጣው ግን እሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ሸማኔዎች ክር ሲያጠነጥን ኖረ፤ ጋቢ አልሠራም።

ያ ጉድጓድ ሕይወቴን ሳያተርፋት አልቀረም ልለው ይገባኝ ነበር። አብራሪ ብሆን ልብሴን ሌላ ሰው አጣጥፎ በላከልዎት ነበር ብዬ፣ እግሩ ስር ወድቄ ልነግረው ይገባ ነበር። ይህን ለማለት ግን አስቀድሜ ጉልበቱ ደህና መሆኑን፣ ጉድጓዱንም የደፈነው በእኔ መውደቅ የተነሳ መሆኑን እንደማውቅ መናገር ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ይኸው ነው የሚያደክመኝ።

እስኪሞት ድረስ በሄድኩ ቁጥር፣ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ያ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ አባየ?»

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ይሻለኛል። ዓይንህስ፣ ልጀ?»

«ደህና ነው፣ አባየ። አሁን ያያል።»