አሸናፊዋ ሞተር ቡሬ ገበያ ላይ

ማለዳ፣ ከባሕር ዳር

ከባሕር ዳር የተነሣነው ሱቆች ሳይከፈቱ ነው። ፒካፑን የሚነዳው ዳምጤ ነበር። እኔ ገቢና አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ከኋላችን ጭነቱ ላይ በገመድ የተጠፈረች አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል አለች። ወሬው ላልደረሳችሁ ልንገራችሁ፤ ዳምጤ በዚያች ሞተር የሞቶክሮስ ውድድር አሸንፏል። ሞቶክሮስ ማለት በአፈር፣ በጉብታና በጭቃ ላይ የሚደረግ የሞተር እሽቅድድም ነው። ስሙ በሬዲዮ ተጠራ፣ እኛም ሱቃችን ውስጥ እልል አልን።

እኔ የምሠራው ሞተር ሳይክል በሚሸጥ ሱቅ ነው፤ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። ዳምጤ የሱቁ መካኒክ ነው። የሚወዳደርባትም ሞተር ከሌላ ዓለም የመጣች አይደለችም፤ ለገጠር መንገድ ከምንሸጣቸው አንዷ ናት። ክብደት እንድትቀንስ ብሎ መብራቷን፣ ስፖኪዮዋንና የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ፈታታቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲነካካት ኖረና በመጨረሻ አሸነፈባት። የፈታቸውን ዕቃዎች ግን አልጣለም። ዳምጤ ብሎን እንኳ የማይጥል ሰው ስለሆነ በካርቶን አድርጎ ከመቀመጫው ሥር ይዟቸው ነበር።

የጉዞው ምክንያት የሱቁ ባለቤት አቶ መኰንን ናቸው። የውድድሩን ቤንዚንና ጎማ ከኪሳቸው ሲችሉ ቆይተው ተሰላችተዋል። «ምዕራብ ጎጃምን ዞራችሁ ኑ» አሉን። «ድሉ ገበያ ካመጣ ውድድሩ ይቀጥላል። ካላመጣ ዳምጤ ጋራዡን ያጥብቅ፤ እኔ ለጭብጨባ ቤንዚን አልገዛም።» እኔ ግን ስለ ገበያው ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። ያሸነፈ ዕቃ ራሱን ይሸጣል ብዬ የደረሰኝ ጥራዝ አንድ ሲበቃኝ ሁለት ይዤ ነበር የወጣሁት።

እንጅባራ

መራዊን ስናልፍ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ዳንግላ ላይ ፍርፍር በልተን ሻይ ጠጣን። ኅዳር ነበርና ግራና ቀኙ ወርቅማ ጤፍ ነው፤ አንዳንዱ ማሳ ታጭዷል፣ አንዳንዱ ገና ይዘናፈላል። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ያለው ጊዜ ስለነበር በየቀበሌው መግቢያ ስለ ሞዴል አርሶ አደር የሚያወሩ ሰሌዳዎች ቆመዋል። እኔም እያንዳንዱን ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር «እዚህ አንድ ሞተር» እያልኩ ለዳምጤ እቆጥርለት ነበር።

እንጅባራ እንደ ልማዷ ብርዷን ይዛ ተቀበለችን። የቀርከሃ ወንበር ከሚሸጡት ጎን አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፤ ሰሐኑ በሦስት ብር ነው። ሁለት ሰሐን አዘዝን። ሴትዮዋ ሞተሯን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ይች ናት በሬዲዮ የተባለላት?» ብላ ጠየቀች።

«እሷ ናት። ጋላቢዋም ይኸው» አልኳት ዳምጤን እየጠቆምኩ።

«ኧረ በሞቴ እኅቴ! የሱን ብር አልቀበልም።» የሱን ሳይሆን የኔን ሦስት ብር ተቀበለች። ዳምጤ እስከ ቡሬ ድረስ ጥርሱ አልተከደነም። እኔም ዝናው ከወዲሁ ድንች ማብላት ከጀመረ ነገ ሞተር መሸጡ አይቀርም ብዬ ደስ አለኝ።

ፍኖተ ሰላም

ቡሬን በመመለሻችን ልናያት ወስነን አለፍናትና የዞኑ ከተማ ፍኖተ ሰላም ገባን። ምሳችንን በላን፣ ላዩ ላይ የማንጎ ጭማቂ ቸለስንበት፤ ከዚያ በድምፅ ማጉያ ሰው ጠርተን ኳስ ሜዳው ላይ ትርኢት አሳየን። ዳምጤ በዚያ ቀን የሠራውን ብታዩ! የአፈር ቁልል ላይ ወጥቶ ሞተሯን አየር ላይ አንሳፈፋት፤ ሜዳው በአንድ አፍ ጮኸ። መምህራን ክፍላቸውን፣ የቢሮ ሰዎች ወንበራቸውን ትተው መጡ። አቧራ ለብሼ፣ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ደረሰኜን ይዤ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ከተሜው ወጣት ሞተሯን አቅፎ ፎቶ ለመነሣት ተሰለፈ። ለመግዛት የቀረበ ግን አልነበረም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ቁም ነገረኛ ሰው ሞተሯን ዞሮ ዞሮ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ መጣ።

«ድንቅ ናት» አለኝ። «ግን የክትባት ሣጥኔን የት ላይ ነው የምጭነው?»

«የምንሸጣት መጫኛ አላት» አልኩት።

«እንግዲያው የምትሸጡት ሌላ፣ የምታሳዩት ሌላ ነው» አለና በትሕትና እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

ማታ ራት ላይ ዳምጤ እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። «ጋራዥ መመለሱ አይደለም የከፋኝ» አለኝ። «እንጀራዬ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ስተኛ የማስባት ነገር ነበረችኝ። እሷን ሳጣ ምን አስባለሁ?» አዘንኩለት። ያዘዝነው ጥብስ እንዳይባክን ብዬ የሱንም ድርሻ በላሁለት።

ቡሬ፣ የገበያ ቀን

በማግስቱ ማንኩሳን አልፈን ወደ ቡሬ ስንመለስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቡሬ በበርበሬ ወቅት የምታምር አገር ናት። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳል። እያነጠስን እየሳቅን ገበያው ደረስን።

ቦታ ሞልቶ ስለነበር የተሰጠን ጥግ ከጋማ ከብት ተራው አጠገብ ነው፤ በአንድ ወገናችን በቅሎዎች፣ በሌላው አህዮች ቆመዋል። ዳምጤ እንደ ትናንቱ ከገበያው ዳር ያለውን ቦይ ዘለለ፣ ፊተኛውን ጎማ አንሥቶ በኋላ እግሯ ብቻ አስኬዳት። ገበያው ቆመ። የበቅሎ ገዢዎቹ ተራቸውን ጥለው ከበቡን። ከመሀላቸው ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ቀረቡ። አያ ስማቸው ይባላሉ፤ በርበሬ አምራች ናቸው፣ የአካባቢው የገበሬዎች ማኅበርም ሊቀመንበር ናቸው። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

«መዝለሏንስ አየነ» አሉ አያ ስማቸው። «እንዲያው ልጀ፣ ትሰግራለች?»

ዳምጤ ግራ ተጋባ። እኔ ግን የጎጃም ልጅ ነኝና ገባኝ። በዚህ አገር ለበቅሎ ትልቁ ሙያ ሩጫ አይደለም፤ ሰጋርነት ነው። ሰጋር በቅሎ የተቀመጠባትን ሳታንገጫግጭ እየተንሳፈፈች የምትሄድ ናት። ሽምጥ የምትጋልበውንማ ሰው ለጉግስ ያደንቃታል እንጂ ሚስቱን አያስቀምጥባትም። እኛ ደግሞ ከሁለት ቀን ጀምሮ ለገበሬው የምናሳየው ሽምጡን ብቻ ነበር!

«በዝግታ ንዳት ነው የሚሉህ» አልኩት ዳምጤን።

«እኔ ልቀመጥባት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «እሳቸውማ ምን ያውቃሉ፤ አጥንታቸው ደንዝዟል።» ገበያተኛው ሳቀ፣ አያ ስማቸውም ሳቁ።

ዳምጤ ካርቶኑን አውጥቶ መጫኛውን መልሶ አሰረ፣ አያ ስማቸው ጋቢያቸውን አጥፈው አነጠፉበት፣ እትዬ ጥሩወርቅ በጎን ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ያ ትናንት አየር ላይ ሲንሳፈፍ የነበረ ልጅ አሁን ከእግረኛ በማይፈጥን እርምጃ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ይዞ በበቅሎዎቹ መሀል አለፈ። የታረሰ ማሳ ውስጥ ገባ፣ ረግረጉን ተሻገረ፣ ተመለሰ። ላቡ ሲወርድ አየሁት፤ በውድድሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላላበውም። ጃንጥላዋ ግን አንዴም አልተንገዳገደችም። እትዬ ጥሩወርቅ ሲወርዱ ሰው ሁሉ አፋቸውን ጠበቀ።

«ሰጋር ናት» አሉ። እልልታው ከፍኖተ ሰላሙ ጩኸት በለጠ።

ደረሰኜን ከፈትኩ። «ባሕር ዳር አዲሷን ከነሣጥኗ አዘጋጅልዎታለሁ አያ» አልኩ።

«የምን አዲስ?» አሉኝ። «እኔ የሞከርኋት ይችን ነው። የእኅቷን ጠባይ በምን አውቃለሁ? በቅሎ ስትገዥ የተቀመጥሽባትን ትተሽ ያላየሻትን ነው የምትወስጅ?»

ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ልዩነት የሌላቸው ናቸው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ከአንድ እናት ወጥተውስ ወንድሜና እኔ አንድ ጠባይ አለነ?» አሉ። በዙሪያቸው የማኅበሩ ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። አያ ስማቸው ከገዙ እነሱም እንደሚከተሉ ከፊታቸው ይነበባል። ካልገዙ ግን አንድም ሰው አይገዛም።

ዳምጤን አየሁት። ሞተሯን ከሰጠ ሁለት ዓመት የደከመባትን አጣ፤ ቀጣዩ ውድድርም ደርሷል። ካልሰጠ ውድድር ራሱ የለም። ጎን ወስጄ «አንተ እሺ ሳትል አልሸጣትም፤ አቶ መኰንንን እኔ እችላቸዋለሁ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እትዬ ጥሩወርቅ የሞተሯን መሪ እንደ በቅሎ አንገት ሲደባብሱ ጥቂት አያቸው። ከዚያ ካቻቪቴውን ይዞ ተነሣ። ቃል ሳይናገር መብራቷን ገጠመላት፣ ስፖኪዮዋን ገጠመላት። የውድድር ቁጥሯን ሊፈታ ሲል አያ ስማቸው እጁን ያዙት።

«እሱን አትንካ! ጌጧን ገፈህ ልትሸጥልኝ ነው?»

ያን ጊዜ ዳምጤ ሳቀ፤ እኔ ግን ዓይኔ ረጠበ።

«አሁን ዋሷ ማን ነው?» አሉ አያ ስማቸው። በጋማ ከብት ገበያ ዋስ ሳይቆም ግዢ የለም፤ እንስሳዋ በሽታ ቢገኝባት ወይ የሌላ ሰው ንብረት ብትሆን የሚጠየቀው እሱ ነው። ማኅተም ያለበትን የሱቃችንን የዋስትና ወረቀት አወጣሁ። «ወረቀቱንስ ያዥው» አሉኝ። «ሰው ነው የምጠይቅሽ።»

«እኔ ነኝ» አለ ዳምጤ።

«እሱ ይበቃኛል» አሉ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው። «ስሙ በሬዲዮ የተጠራ ሰው የት ይደበቃል?» ሁሉም ትክክል ነው አሉ። የማኅበሩ ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ የየራሳቸውን አዘዙ፤ እያንዳንዱም ዳምጤን ዋስ እያደረገ። የመጀመሪያው ጥራዝ አለቀና ሁለተኛውን ጀመርኩ።

ወደ ቤት

ባሕር ዳር ስንደርስ አቶ መኰንን መጀመሪያ ያዩት ባዶውን ጭነት ነው። «ሞተሯስ?»

«ተሸጠች።»

«የውድድሯን?» ብለው ወንበር ፈለጉ። ጥራዞቹን ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው። ገልጠው ገልጠው ሲያበቁ «ስለዚህ ድል ይሸጣል ማለት ነው» አሉ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ድሉ ሰው ይጠራል እንጂ አይሸጥም። ገበሬው ሲያጨበጭብልን ስለ እኛ ነው፣ ሲገዛ ግን ስለ ሚስቱ ወገብና ስለ በርበሬ ጆንያው ነው የሚያስበው። ዝና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ነገር ቢበላሽ ሰውየው የት እንደሚገኝ ስለሚያሳውቅ ነው። አቶ መኰንን አገጫቸውን አሻሹና «ለዳምጤ የአዲስ ሞተር ሣጥን ክፈቱለት» አሉ።

ዳምጤ በአዲሷ ሞተር የሚለማመድበት ጊዜ አልነበረውም። ውድድሩ ደረሰ፣ አራተኛ ወጣ። ስሙ በሬዲዮ የተነገረው በመጨረሻ፣ ለዚያውም በጥድፊያ ነው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ቡሬዎች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ አልፈርድባቸውም ነበር። በማግስቱ ስልክ ጮኸ። አያ ስማቸው ነበሩ። ዳምጤ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ሰማነ» አሉ። «ዳምጤም ይሰማዎታል» አልኳቸው። «ምነዋ ልጀ፣ ልታሸንፍ አስበህ ነበር እንዴ? አሸናፊዋ እኮ እዚህ እኔ በረት ነው ያለች!»

ከኋላቸው የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማ ነበር። ሳቁ ሲበርድ፣ አጠገባቸው ያሉት ሦስት ሰዎች የእኅቶቿን ዋጋ እየጠየቁ እንደሆነ ነገሩኝ።