ግድግዳው የበላው ጭድ

ባለፈው ሳምንት ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስሄድ፣ ድሮ እማማ ብርቄ ይኖሩበት የነበረው ቤት ፈርሶ አገኘሁት። ቆርቆሮው ተነስቷል፤ የጭቃው ግድግዳ ግን እንደተገመሰ መሬት ላይ ወድቋል። በስብራቱ መሃል ጭዱ ይታያል። ስንት ዘመን አልፎበት ዛሬም ቢጫ ነው። ያን ጭድ በእግሬ ረግጬ ከጭቃው ያዋሃድኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሥራዬም ምርጊት። አፈር አቡክቼ፣ የጤፍ ጭድ ጨምሬ፣ ረግጬ ግድግዳ እመርጋለሁ። ክረምት ለእኛ ክፉ ነው፤ ዝናብ ካለ ጭቃ አይደርቅም፣ ጭቃ ካልደረቀ እንጀራ የለም። በዚያ ዓመት ግን ሐምሌ ደረቀ፤ ነሐሴም ተከተለ። ሰማዩ እንደ ጥቅምት ጠራ። ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ እግዚኦ ሲል እኔ በልቤ «ትንሽ ይቆይልኝ» እል ነበር። እራቴ ከደረቅ ዳቦ ወደ ጥብስ ከፍ ብሎልኝ ነበራ።

አጎቴ ጋሼ ተሰማ ከምንጃር የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የዘሩት ጤፍ ብቅ እንዳለ ደርቆባቸዋል፤ ሣርም የለም። የእማማ ብርቄን ቤት ስመርግ አገኙኝ። ግቢው ውስጥ የተከመረውን ጭድ ሲያዩ እፍኝ አንስተው አሸተቱና፣

«ይኼን ለዳለቻ ስጠኝ» አሉኝ። ዳለቻ በሬያቸው ነው።

«ጋሼ፣ ያለ ጭድ ጭቃው ይሰነጠቃል።»

«ይሰንጠቃ! ጭቃ ተሰንጥቆ ማን ሞተ?»

እማማ ብርቄ ከበረንዳቸው ሆነው ሰሙ። «ቤቱ ለመስቀል ባይደርስም ግድ የለኝም፤ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

እኔም አወቅሁ። ጭዱን ከሰጠሁ ሥራው ይቆማል፤ እስኪቀጥል ደግሞ ዝናቡ ሊመለስ ይችላል። «የጭድ መኪና ሲመጣ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው ጋሼን።

«ከተማ ጭድ የሚበላው ግድግዳ ነው ለካ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ከጥርስ አላለፈም። ከሰዓት በኋላ ጭዱን ረገጥኩት።

የጭድ መኪናው አልመጣም፤ ያለው ሁሉ ለገዛ ከብቱ ይዞታል። ጋሼ ተሰማ ዳለቻን ሳይወድቅባቸው ለሥጋ ሸጡት። በዓመቱ ዝናቡ እንደ ልብ ጣለ። ሌላው ሲያርስ እሳቸው በሬ ሊዋሱ ደጅ ጠኑ፤ ተራቸው ሲደርስ የዘር ጊዜው አልፏል። ድርቁ ለሌላው አበቃ፤ እሳቸው ቤት ግን አንድ ዓመት ተጨመረ።

ከዚያ በኋላ ሲመጡ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ብቻ ያን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ዳለቻ፣ እንዴት ከረምክ?» ይሉታል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

አሁን በሬዲዮ ስሰማ ኤልኒኞ የሚባል ነገር አለ አሉ። ሩቅ አገር ያለ የባሕር ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ይሞቅና የእኛን ክረምት ያውከዋል። ዝናቡን ያስቀረው የእኔ ምኞት ይመስለኝ ስለነበር፣ ይህን ስሰማ ቀለለኝ። ግን ለትንሽ ጊዜ ነው። ዝናቡን ያስቀረው ባሕሩ ይሁን፤ ጭዱን የረገጠው የእኔ እግር ነው። ባሕሩም ሞቆ ይበርዳል፣ ዝናቡም ሄዶ ይመጣል፤ የሄደ በሬ ግን አይመለስም።

ይህን እያሰብኩ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ወጣት የበዓል በግ እየጎተተ መጣ። በጉ ፍርስራሹ ጋ ቆሞ ከጭቃው ውስጥ ጭዱን ይነጭ ጀመር። ልጁ ገመዱን ሳበ።

«ተወው ልጄ፣ ይብላ» አልኩት።

«የእርስዎ ነው እንዴ አባባ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«የእኔስ አይደለም» አልኩት። «የአንድ በሬ ነበር።»