ቀኝ ኪስ፣ ግራ ኪስ

ወጥመድ ቆጣሪዋ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ነበር የቀራት። ደክሟታል። ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት ድካም አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት በፖም ዛፎች መካከል እያጎነበሰች ስትመላለስ ወገቧ ላይ ቤቱን የሠራ ድካም ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። የእሳት እራት ስለምትቆጥር «እትዬ እራት» ይሏታል።

ለነገሩ «የእሳት እራት» ብሎ ስም ያወጣው ሰው መብራት ላይ ስትጋጭ ብቻ አይቷት መሆን አለበት። ወንዱን እርሻ ለእርሻ የሚያንከራትተው እሳት ሳይሆን ሽታ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሴቷ ቅጠል ላይ ተቀምጣ ሽታዋን ለነፋስ ትለቃለች፤ እሱ ከሩቅ አሽትቶ ከተፍ ይላል። የሰው አፍንጫ ግን ከዚያ ሽታ አንዳች አያገኝም። ቆጣሪዋም ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው አንድ ቀን እንኳ ባላሸተተችው ነገር ነው።

እሷ የምትቆጥራቸው ሁለት ናቸው። «ታላቅ» እና «ታናሽ» ትላቸዋለች፤ በክንፍም በቀለምም አንዷ ቁርጥ ሌላዋን ናት። ታላቅ እንቁላሏን ስትጥል ትሏ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ያበሰብሰዋል። የታናሽ ትል ቅጠል ጠቅልሎ ከመብላት አያልፍም። ሽታቸውን የሚቀምሙት ሁለቱም ከእነዚያው ሁለት ነገሮች ነው፤ ታላቅ ከአንደኛው ዘጠኝ እጅ፣ ከሌላው አንድ እጅ ታደርጋለች፣ ታናሽ ገልብጣ ትሠራዋለች። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። የታናሽ ወንድ በታላቅ ሽታ መንገድ ከገባ፣ ቤት እንደተሳሳተ እንግዳ አፍሮ ይመለሳል። እንዲህ ሆነው አንድ ዛፍ ላይ እየኖሩ ሳይዳቀሉ ስንት ዘመን ኖረዋል።

ወጥመዷ ወለሏ ሙጫ የተቀባ የካርቶን ጎጆ ናት፤ መሀሏ ላይ የሴቷን ሽታ የጠጣች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ጎማ ትቀመጣለች። የታላቅ ጎማ ለብቻ፣ የታናሽ ለብቻ። ከተነካኩ ሽታው ይደባለቃል፤ የተደባለቀውን ደግሞ የትኛውም ወንድ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ቆጣሪዋ የራሷ ሕግ ነበራት፤ የታላቅ በቀኝ እጅ፣ በቀኝ ኪስ፤ የታናሽ በግራ እጅ፣ በግራ ኪስ። የቡናማ ሹራቧ ኪሶች ሽታውን ከመጥገባቸው የተነሣ፣ አመሻሽ ላይ ደጅ ስትቀመጥ የእሳት እራቶች ይከቧት ነበር።

«አንቺስ ወንድ አይጠፋሽም» ትላታለች ጎረቤቷ።

«ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ባለ ክንፍ ነው።»

ዘንድሮ ደረጃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ተሰበረ። እጅጌው በጀሶው ላይ አልወጣ ስላለ ሹራቡ ቁም ሣጥን ገባ። ሥራው ግን የሚጠብቅ አልነበረም። አሁን ሁለቱንም ዓይነት ጎማ የሚነካው ቀኝ እጇ ብቻ ስለሆነ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ባለፈች ቁጥር ጓንት መቀየር ነበረባት። በአንድ እጅ ጓንት መቀየር ማለት በጥርስ ስቦ ማውለቅ፣ በጉልበት ይዞ ማጥለቅ ነው፤ ያውም ለአርባ ወጥመድ። ገና የመጀመሪያውን በጥርሷ ስትስብ ድካሙ መጣባት። «አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ የእኔው ምስኪን ግን አርባ ጎጆ ያሰናዳል» ብላ ለብቻዋ አጉረመረመችና ሁሉንም በዚያው በአንድ ጓንት ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ወጥመዶቹ ባዶ ሆኑ። የፖሙ እርሻ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ በየሳምንቱ አጥር ላይ ተደግፈው ይጠብቋታል። መድኃኒት የሚረጩት በእሷ ቃል ብቻ ነው፤ ዓመቱን የሚኖሩትም በዚያው ፖም ነው።

«እህ፣ አሉ?»

«የሉም፣ አባባ።»

«አንቺ የሉም ካልሽ የሉም» ይሉና ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ጀሶው የተፈታላት ዕለት አመሻሹ ቀዝቀዝ አለ። እጇ ከስቶ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። ሹራቧን ለብሳ ደጅ ተቀመጠች። አንድ የእሳት እራት መጥቶ ቀኝ ኪሷ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሌላ። ልማድ ሆኖባት ቆጠረች፤ ቀኝ ኪስ ላይ አሥራ አንድ ሲደርሱ መቁጠሯን አቆመች። ቀኝ ኪስ የታላቅ ነው። ታላቆቹ ወጥተዋል፤ ወጥመዶቿ ናቸው የዋሹት። ያ ጓንት ትዝ አላት።

ድካሟ ያን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ መከራት፤ ተይው፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረሽ፣ ማን ያውቃል? በእውነቱ ማንም አያውቅም ነበር። ትሎቹ ፍሬ ውስጥ ከገቡ ወዲያ ግን መድኃኒት አይደርስባቸውም። አፈረች፤ በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ማለዳ አጥሩ ጋ እሷ ቀድማ ጠበቀች።

«አባባ፣ አሉ። ጎማዎቹን ያደባለቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ይርጩ።»

ሽማግሌው አጥሩን ሊደገፉ ዘርግተውት የነበረውን እጅ መለሱ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የሉም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ መርጫው ሄዱ። አብዛኛው ፖም ተረፈ። በወንዙ በኩል ያሉት ሦስት ረድፎች ግን አልተረፉም፤ ፍሬው በላያቸው ላይ ተበስቶ ቀረ። ሽማግሌውም ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ አልተደገፉም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዋ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ባለሙያ ናት። ቆጣሪዋ ስህተቷን የጻፈችበትን ሪፖርት አንብባ በሩን ዘጋች።

«እትዬ፣ ጎማዎቹ አርጅተው ነው ብለን እንጻፈው። የምስክር ወረቀትዎ እኮ ታትሟል።»

«ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ፣ ልጄ። ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

የመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀቱ ተሰጣት። «ሃያ ስድስት ዓመት ያለ እንከን ላገለገሉ» ይላል፣ በወርቃማ ፊደል። ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ እስክሪብቶ አነሣች፤ በግራ እጇ።

«እትዬ፣ በቀኝዎ አይሻልም?» አለች ኃላፊዋ።

«ቀኙ የዚህንም ድርሻ ልሥራ ብሎ ነው ያበላሸው። ይኼን እንኳ ራሱ ይሥራው።»

«ያለ እንከን» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ግራ እጇ ገና አልጠናም ነበርና መስመሩ ተንሻፈፈ።