ምራቁን የዋጠ ሞተር

በአማርኛ ምራቁን የዋጠ ሰው የበሰለ፣ የረጋ ሰው ማለት ነው። ለጀልባ ሞተር ግን ምራቅ መዋጥ ሞት ነው። ይህን ያስተማሩኝ የጀልባዬ ካፒቴን ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ የዘጌ ሰው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ። "ሞተሩ ያንተ ወገን ነው ሐጂ፤ ጾመኛ ነው። ምራቁን ሲተፋ ይውላል" ይሉኝ ነበር።

ሐጂ የሚሉኝ ለቀልድ ነው። መካን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ሞተር ራዲያተር አለው፤ የእኛ ሞተር ራዲያተሩ ጣና ነው። ከጀልባዋ ሆድ ሥር በተበሳች ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ውሃው በማጣሪያ አልፎ ወደ ፓምፑ ይገባል። ፓምፑ ውስጥ እንደ አበባ ቅጠል የተዘረጋች ጎማ አለች፤ እሷ እየዞረች ውሃውን በሞተሩ ገላ ውስጥ ትገፋዋለች። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በኋላ በኩል ከጭሱ ጋር ይወጣል። ተፋ የምንለው ይህንን ነው። ከተፋ ሰላም ነው። እኔ ከወደቡ ስነሳ ከተሳፋሪ በፊት የማየው ያችን ምራቅ ነበር።

ከጀልባ በፊት ጨርቅ ነጋዴ ነበርሁ፤ የአባቴም የአያቴም ሙያ ነው። ጨርቅ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ውሃ አይጠይቅም፣ አይግልም፣ ሌሊት ስለሱ አታስብም። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ዕቃ መምጣቱ ቀረ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ሐይቅን ማን ይዘጋዋል ብዬ፣ ሱቁንም መደርደሪያውንም ሸጬ ጀልባዋን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚባል ነገር ያ ሞተር ብቻ ነበር። የቀረው ቆርቆሮ ነው።

ሐይቅን ማን ይዘጋዋል ላልሁት መልሱ እምቦጭ የሚሉት የውሃ አረም ሆነ። ከላይ ሲያዩት አበባው ያምራል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል። ሥሩ ግን የሞተር ጉሮሮ ያንቃል። ጠዋት ጠዋት ከታች ያለውን መዝጊያ እዘጋለሁ፣ ማጣሪያውን እከፍታለሁ፣ ከማበጠሪያ ላይ ጠጉር እንደሚለቀም ሥር ስለቅም እቆያለሁ። ጎማዋ ካለቀች ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ መተኪያ የለም። የመለዋወጫ ሱቆቹ "የምን መኪና ነው?" ይሉሃል። የጀልባ ነው ስትላቸው በኀዘን ያዩሃል።

ስለዚህ የባሕር ዳር ባለ ጀልባ ሁሉ አንድ ዘዴ አለው። የሽንኩርት መረብ፣ ያ ቀዩ ከፎገራ ሽንኩርት የሚመጣበት ከረጢት፣ ዋናተኛ ተልኮ ከቀዳዳዋ በታች ይታሰራል። ሥሩን መረቡ ይይዘዋል፣ ውሃው ያልፋል። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ለሚሠራ ርካሽ ነገር እኔ ጠበቃ ነኝ።

የዚያን ዕለት ከዘጌ የተነሣነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጌሾ ጭነናል። እኔ ጠላ ቀምሼ አላውቅም፤ የከተማውን ጠላ የማመላልሰው ግን እኔ ነኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። የጌሾው ባለቤት ምላሷ የሚቆርጥ ሴት ናት፣ ደንበኛዬ ናት። ሌላ ደግሞ ጸበል በጀሪካን የያዙ አንድ መነኩሴ አሉ፤ የቀሩት ገበያተኞች ናቸው።

የክብራንን ደሴት አልፈን ከተማው ሲታየን ነፋሱ ተነሣ። የከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር ነው የሚገፋው፤ ዳሩ ደግሞ በዚያ በኩል ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ምራቁ የለም። ነጭ እንፋሎት ብቻ ነው። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

"ጋሼ፣ አይተፋም" አልኋቸው።

ካፒቴኑ ነዳጁን ቀነሱ። የሙቀት መለኪያው ቀዩን አልፏል። ማጣሪያውን ከፈትሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ። እንግዲያው የታነቀው ከሥር ነው፣ ልንደርስበት ከማንችልበት።

"ሐጂ፣ ፍረድ" አሉኝ፣ መሪውን ሳይለቁ። "ላጥፋው? ካጠፋሁት ሞተርህ ይተርፋል፣ እኛ ግን ድንጋዩ ላይ ነን። ካላጠፋሁት እኛ እንደርሳለን፣ እሱ ይሞታል።"

ነጋዴ ሲጨንቀው ያሰላል። እኔም አሰላሁ፤ ይህን ስናገር ልዋሽ አልፈልግም። በአንድ ወገን ሰው ነው፣ በሌላው ወገን የእኔ እንጀራ። ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ሲመታት የጌሾ ሴትዮዋ የእግሬን ቁርጭምጭሚት ጨብጣ ያዘች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ያገኘችውን ነው የያዘችው። ሒሳቡ እዚያ ላይ አለቀ።

"አያጥፉት" አልሁ።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ፓምፑ መሳብ ይችላል፤ የጠፋው የሚሳበው ውሃ ነው። መዝጊያውን ዘግቼ ቱቦውን ከማጣሪያው ነቀልሁና ጫፉን ባልዲ ውስጥ ከተትሁ። ባልዲው ባዶ ነው። ሐይቁን እስክቀዳ ጊዜ የለም፤ በአጠገቤ የተቀዳ ውሃ የመነኩሴው ጀሪካን ብቻ ነው።

"አባ፣ ይስጡኝ።"

"ጸበል እኮ ነው ልጄ። ለታመመ ሰው ነው።"

"ይኸው ታሟል።"

መነኩሴው ሞተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ክዳኑን ራሳቸው ፈቱት። ካፒቴኑ ግን ጮኽ አሉ፦ "ቀስ፣ ቀስ። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ አይችልም፣ ይሰነጠቃል።" ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ድንጋዩ ላይ የሚፈነዳው አረፋ ይታየኛል። አፈሰስሁት። ቱቦው ጠጣ፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ ኋላ በኩል አንድ ጉንጭ ትኩስ ውሃ ወጣ።

"ተፋ" አለ ከገበያተኞቹ አንዱ።

ከዚያ ሁሉም ቀዳ። በጆግ፣ በጣሳ፣ በጫማ ሳይቀር፣ በጎን እየተንጠለጠሉ ሐይቁን ወደ ባልዲው ገለበጡት። ባልዲው ከጎደለ አየር ይስባል፣ አየር ከሳበ አለቀ። ሴትዮዋ በጌሾ መስፈሪያዋ እየቀዳች ምላሷ ተመለሰላት። "የእስላም ሞተር በጸበል ሲጠመቅ አየሁ እንግዲህ። ክርስትና አባቱ ማነው?"

"ይጠመቅ፣ ብቻ ይሂድ" አልኋት። መነኩሴው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቁ መሰለኝ።

እንዲህ እየተንፏቀቅን ደረስን። ሰዉ እየመረቀኝ ወረደ። መነኩሴው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉኝ፣ የሰጡት እሳቸው ሆነው ሳለ። ለታመመው ሰው ምን ይዘው እንደሄዱ አላውቅም። ሴትዮዋ ጌሾዋን ጋሪ ላይ አስጭና ስታበቃ "ነገ በጠዋት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ኢንሻ አላህ" አልኋት። አፌ ለምዶበት ነው።

ሁሉም ሲሄድ ካፒቴኑ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙ። ለእኔ አልሰጡኝም፤ ወደ ብርሃን አቀኑት ብቻ። ዘይት ጥቁር ነው መሆን ያለበት። ይህ ሻይ በወተት ይመስላል። ብረቱ ተሰንጥቆ ውሃው ወደማይገባበት ገብቷል።

"ዋጠ" አሉ።

እሳቸው ሲመሽ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብሁ ያሰብሁት ሁሉ "ሱቁ" በሚል ቃል ይጀምራል።

በማግስቱ ዋናተኛው ከሥር ገብቶ የሚያንቀውን ነገር አወጣው። እምቦጭ አልነበረም። በስብሶ የተበጠሰ የራሳችን የሽንኩርት መረብ ነው፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቶ እንደ ቡሽ ወትፏታል። እጄ ላይ ያዝሁት። አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ማጣሪያውን ከፍቼ ማጽዳት ጀመርሁ። ካፒቴኑ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። "ለማን ነው የምታጸዳው?" አላሉኝም። ሥር አብረውኝ ይለቅሙ ጀመር። ለሁለት ሲሆን ሥራው ቶሎ አለቀ፣ ይኸም አናደደኝ።

ወሬ በሐይቅ ዳር ከጀልባ ይፈጥናል። ቁራሌው ጆንያውን በትከሻው አድርጎ መጣ፤ አዘንሁ ለማለት እንደመጣ ጎረቤት ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሞተሩን በዓይኑ መዘነው። ያን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የሚዘጋ ሱቅ ሳይ እኔም እንደዚያ ነበር የማየው።

"ሐጂ፣ ብረቱ ይሸጣል?" አለኝ።

ሂድ ልለው ነበር። አፌ ግን ነጋዴ ነው።

"ኪሎውን በስንት ትይዘዋለህ?" አልሁት።

ካፒቴኑ የለቀሙትን ሥር ከእጃቸው አራገፉ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩና ምራቃቸውን ዋጡ።